ፍሪሂሊያና የምትሄዱ ወገኖች፦ «የሙሉ ቀን ጥቅል» ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ዘንድሮ ለሰመር ወደ ደቡብ ስፔን፣ ወደ ማላጋ አካባቢ የምትወርዱ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ከጀርመንም ከእንግሊዝም ከስዊድንም የአውሮፕላን ትኬቱ ይቀናል፤ ልጆች ባሕር ይወዳሉ፤ ትንሽ ወጣ ሲሉ ደግሞ ተራራ አለ። ስለዚህ ይህ ጽሁፍ ለእናንተ ነው።

በባሕር ዳርቻዋ ከተማ በኔርሃ፣ ወደ ፍሪሂሊያና መንደር የሚወስድ «የሙሉ ቀን ጥቅል» የሚባል ነገር እየተሸጠ ነው። እህቴና ባለቤቷ ለሁላችንም ገዙት። ለአዋቂ 85 ዩሮ፣ ለልጅ 60። እኔን ጨምሮ ሦስት አዋቂና ሁለት ልጅ ነበርን፣ በድምሩ 375 ዩሮ። እህቴ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ነው የምትሠራው። ያ ገንዘብ እንዴት እንደሚመጣ ስለማውቅ ነገሩ አንጀቴን አሳርሮታል።

የሻጩን ስም አልጠቅስም። የሱን ስም ብታውቁ ሌላው ያንኑ ይሸጥላችኋል። አሠራሩን ብታውቁ ይሻላል።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ይህ ነው፦ የፍሪሂሊያና መግቢያ፣ በቺያር ወንዝ ውስጥ የእግር ጉዞ፣ የኔርሃ ዋሻ፣ የአገዳ ሽሮፕ ቅምሻ። ሲያነቡት ያጓጓል። አንድ በአንድ እንየው።

መጀመሪያ «መግቢያ» የሚለው። ፍሪሂሊያና መግቢያ የላትም። በር የለም፣ ትኬት ቆራጭ የለም። ሰው የሚኖርባት፣ ልብስ በረንዳ ላይ የሚሰጣባት መንደር ናት። ከኔርሃ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የምትርቀው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 300 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከኔርሃ የሚነሳ የሕዝብ አውቶቡስ አለ። ዳገቱን ወጥቶ ለመድረስ ሩብ ሰዓት፣ ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ነው የሚፈጅበት፤ ክፍያውም ከአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ብዙ አይርቅም። የእሁድና የበዓል ቀን ፕሮግራሙን ብቻ ቀድማችሁ እዩ፤ ያኔ ታክሲ ብትይዙም መንገዱ አጭር ነው።

ደግሞ መንደሯ ታምራለች፤ የሚያናድደውም ይኼው ነው። አሮጌው ሰፈር ባሪባርቶ ይባላል። መንገዱ ጠባብ ደረጃ ነው። ጥቁርና ነጭ ጠጠር ተሰድሮ እግር ስር ጥለት ሠርቷል። ቤቶቹ በኖራ የነጡ ናቸው፤ በሮቹ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። ግድግዳው ላይ የሴራሚክ ሰሌዳዎች ተለጥፈዋል፤ እነሱን ተከትላችሁ ስትወጡ የ1569ን ታሪክ ታነባላችሁ። ክርስትናን በግድ የተቀበሉ የሙስሊም ዘሮች፣ ሞሪስኮ የሚባሉት፣ በስፔን ንጉሥ ላይ አመጹ። ከመንደሩ በላይ ባለው ቋጥኝ ላይ መሽገው ተዋጉ፤ በመጨረሻም ተሸነፉ። ያ ታሪክ ጊዜ ይፈልጋል። ለእኛ የተሰጠን 50 ደቂቃ ነው። አስጎብኚ የተባለው ልጅ ከአውቶቡሱ ወርዶ «እዚሁ እንገናኝ» ብሎን ስልኩን ይዞ ጥላ ውስጥ ተቀመጠ። አንድ ሰሌዳ እንኳ አላስነበበንም። እህቴ ልጇን አዝላ ደረጃውን ግማሽ ድረስ ወጥታ ሰዓት ደርሶባት ተመለሰች።

በራሳችሁ ስትሄዱ የቱሪስት መረጃ ቢሮው ካሳ ዴል አፔሮ በሚባለው አሮጌ ቤት ውስጥ ነው፤ እዚያው ትንሽ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም አለ። ካርታ ጠይቁ።

ቅምሻው ደግሞ ይህን ይመስላል። በመንደሯ መሐል ኤል ኢንሄኒዮ የሚባል ትልቅ አሮጌ ሕንጻ አለ። የፍሪሂሊያና መሳፍንት ቤት የነበረ ነው፤ አሁን ከሸንኮራ አገዳ ጥቁር ሽሮፕ ይመረትበታል። ሽሮፑን በየሱቁ ታገኙታላችሁ። በየምግብ ቤቱም በተጠበሰ ደበርጃን ላይ አፍስሰው ያቀርቡታል፤ ልጆቹ ሳህኑን ነው የላሱት። እኛን ግን ለ«ቅምሻ» የወሰዱን እዚያ አይደለም። ከመንደሩ ውጭ፣ መንገድ ዳር ያለ ሱቅ ነው። ግማሽ ማንኪያ አቅምሰው ዘይትና ሳሙና ለመሸጥ ከአንድ ሰዓት በላይ አስቀመጡን። በሩ ላይ የቆመው ሰው ከየትኛው አውቶቡስ እንደወረድን እየጠየቀ ይጽፍ ነበር። ኮሚሽን ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ለመንደሩ 50 ደቂቃ፣ ለሱቁ ከአንድ ሰዓት በላይ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ፣ ወደ ወንዙ።

ቺያር በኔርሃ በኩል የሚወርድ ወንዝ ነው። ውሃው ውስጥ እየረገጡ ሽቅብ የሚሄዱበት፣ ግራና ቀኙን በእጅ የሚነካ ጠባብ ገደል ያለበት። በፎቶ ስታዩት ልባችሁ ይሄዳል። ነገር ግን በእሳት አደጋና አካባቢውን ለመጠበቅ ሲባል ማዘጋጃ ቤቱ መግቢያውን ይዘጋል፤ በተለይ ቱሪስት በሚበዛበት በሞቃቱ ወቅት። መዘጋቱ ደግሞ በድንገት የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ይታወጃል፣ ሰሌዳ ይለጠፋል። ኔርሃ ውስጥ ተቀምጦ ትኬት የሚሸጥ ሰው ይህን አላውቅም ሊል አይችልም። እኛን አጥሩ ድረስ አምጥተው «ዛሬ ዝግ ነው» አሉን። የዛሬ ጉዳይ አልነበረም፤ ሰሌዳው በፀሐይ ጠውልጎ ነበር።

ከሁሉ የባሰው አስጎብኚው ለወጣቶቹ «በጎን እናሳልፋችኋለን» ማለቱ ነው። እባካችሁ ይህን ሲሏችሁ አትከተሉ። የተዘጋ ቦታ መግባት ቅጣት ያስከፍላል። ገደሉ ውስጥ ስልክ አይሠራም፤ ቁርጭምጭሚት ቢዞር አምቡላንስ የሚደርስበት መንገድ የለም። ልጅ ይዞ እንዲህ ያለ ቦታ በድብቅ መግባት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ወላጅ የሆነ ያውቀዋል።

በእግር መሄድ ለምትፈልጉ ምርጫ አለ። ከፍሪሂሊያና ግርጌ፣ አውቶቡሱ ከሚቆምበት ከኤል ኢንሄኒዮ አደባባይ ብዙም ሳይርቅ፣ ወደ ኢጌሮን ወንዝ የሚያወርድ መንገድ አለ። ሸለቆው ጥድ ነው፤ በሞቃቱ ወራት ወንዙ አብዛኛው ጠጠር ብቻ ይሆናል። ጂ አር 249 የሚባለው፣ መላውን የማላጋ ክፍለ ሀገር የሚዞረው ረጅም የእግር መንገድም በመንደሯ ያልፋል፤ ድንጋይና ግንድ ላይ ነጭና ቀይ መስመር ካያችሁ እሱ ነው። ጠዋት ገና ሳይሞቅ ተነሡ፣ ውሃ በብዛት ያዙ። ጫማችሁ የሚይዝ ይሁን፤ በነጠላ ጫማ የሚኬድ መንገድ አይደለም። የእሳት ማስጠንቀቂያ ባለበት ቀን ይህም ሊዘጋ ስለሚችል መረጃ ቢሮውን ጠይቁ። ለዚህ ሁሉ የሚከፈል ገንዘብ የለም።

ዋሻው ደግሞ እውነትም ትኬት አለው፤ ጥቅሉ ውስጥ የሌለው ግን እሱ ነበር። «የኔርሃ ዋሻ» ማለት ለካ እስከ በሩ ማድረስ ኖሯል። ትኬቱ በሰዓት የተከፋፈለ ስለሆነ እኛ ስንደርስ የቅርቡ ሰዓት አልቋል፤ አውቶቡሱ ደግሞ አይጠብቅም። ልጆቹ በሩ ላይ ፎቶ ተነሥተው ተመለሱ። ያሳዝናል። በ1959 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር አምስት የአካባቢው ልጆች ያገኙት ዋሻ ነው። ውስጡ 32 ሜትር የሚረዝም የድንጋይ ዓምድ አለ። ከቤታችሁ ሆናችሁ በዋሻው በራሱ ድረ ገጽ ሰዓት መርጣችሁ ግዙ። ቦታው ማሮ በምትባለው መንደር ዳር ነው፤ ከኔርሃ አውቶቡስ ይሄዳል።

በዚያው ቀን አንድ ሌላ ነገር ሊሸጡልን ሞከሩ፦ በካያክ ወደ ማሮ ፏፏቴ። በጥሬ ገንዘብ፣ ያለ ደረሰኝ። ፏፏቴው በቀጥታ ወደ ባሕር የሚወርድ፣ እውነትም ዓይን የሚስብ ነው። ነገር ግን የማሮ ገደላማ ዳርቻ የተጠበቀ ቦታ ነው። በአንዳሉሲያ ካያክም ሆነ ተራራ የሚያስጎበኝ ድርጅት በክልሉ የቱሪዝም መዝገብ መመዝገብና የኃላፊነት ኢንሹራንስ መያዝ አለበት። ስለዚህ የምዝገባ ቁጥሩን ጠይቁ። በማላጋ ለዚህ ዓይነት ሥራ የሚሰጠው በኤ ቲ እና በኤም ኤ ፊደላት ይጀምራል። የእህቴ ባል ሲጠይቀው ሰውዬው ወሬ ቀይሮ ሄደ። መልሱ ያ ነው።

ገንዘቡን ከከፈላችሁ በኋላ ከሆነ ይህን የምታነቡት፣ መብት አላችሁ። አንዳሉሲያ ውስጥ ማንኛውም ነጋዴ «ኦሃ ዴ ሬክላማሲዮኔስ» የሚባል የቅሬታ ቅጽ ሊኖረው ግድ ነው። ቅጹ ነጻ ነው። አንዱን ኮፒ እሱ ያስቀራል፤ ሁለቱን ለእናንተ ይሰጣል፣ አንዱ ለመንግሥት የሚገባ ነው። በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሁፍ መመለስ አለበት። ነጋዴው «የለኝም» ቢላችሁ የከተማውን ፖሊስ እንደምትጠሩ ንገሩት። የእኛው ሻጭ መጀመሪያ «አልቋል» አለ፤ እህቴ ስልኳን ስታወጣ ከመሳቢያው ተገኘ።

ብዙ ሰው ደግሞ «በኢንተርኔት የገዛሁትን በ14 ቀን ውስጥ መመለስ እችላለሁ» ይላል። ቀኑ ተቆርጦ ለተገዛ መዝናኛ ያ የአውሮፓ ሕግ አይሠራም። ቃል የተገባው አገልግሎት አለመሰጠቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ መከራከር ያለባችሁ በሱ ነው። በካርድ ከከፈላችሁ ለባንካችሁ አመልክቱ። በአውሮፓ ኅብረት አገር የምትኖሩ ደግሞ በየአገሩ ያለው የአውሮፓ ሸማቾች ማዕከል በነጻ ይረዳችኋል።

ለእህቴ የመጣው መልስ «ለሚቀጥለው ዓመት ኩፖን እንስጣችሁ» የሚል ነው። አልተቀበለችም፤ ጉዳዩን ወደ ባንኳ ወስዳዋለች። የረዳት ማስታወቂያውን በስልኳ ፎቶ አንሥታ ማስቀመጧ ነው። ከቅሬታው በኋላ ገጹ ላይ «ዋሻ» ከሚለው ቀጥሎ «ትኬት አይጨምርም» የሚል በትንሽ ፊደል ገብቷል። እሷ ጋ ያለው ፎቶ ላይ ግን ይህ የለም። እናንተም ከመክፈላችሁ በፊት ገጹን ሙሉውን፣ እስከ ታች፣ ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሡ።