በግድግዳ ውስጥ የተቀበረ የድሮ ድምፅ ሲስተምና አዲስ የዋይፋይ ማጫወቻ፦ የዘጠኝ ወር ልምዴ

ለገጣፎ የገዛነውን ቤት ያሠሩት ሰው ለብዙ ዓመታት አሜሪካ የኖሩ ነበሩ። በስድስት ክፍሎች ኮርኒስ ላይ ክብ ነጭ ስፒከሮች አስገጥመዋል፤ በየበሩ አጠገብ፣ ከመብራት ማብሪያው ጎን የድምፅ ማዞሪያ አለ። ገመዱ ሁሉ በግድግዳ ውስጥ አልፎ ኮሪደር ላይ ባለ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተቀመጠ አንድ ከባድ አምፕሊፋየር ይደርሳል። ቤቱን ስንረከብ የካሴት ማጫወቻው አይሠራም፣ የሲዲውም ዲስክ አያነብም ነበር። እናቴ አቧራ በወለወለች ቁጥር "ይህ ሁሉ ሽቦ እንዲሁ ዝም ብሎ ይቅር?" ትለኝ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ከዋይፋይ ጋር የሚገናኝ፣ የሳሙና ያህል ትንሽ ማጫወቻ ገዛሁ። በቀይና በነጭ ገመድ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ይሰካል፤ ስልክ ላይ ባለ መተግበሪያ ይታዘዛል። ብሉቱዝ ብቻ ያለውን ርካሹን ያልመረጥኩት ስልኩ ከክፍል ክፍል ሲዞር የብሎኬቱ ግድግዳ ድምፁን እየቆራረጠ ስለሚያስቸግር ነው። በዋይፋይ ግን ስልኩ ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል፤ ሙዚቃውን ማጫወቻው ራሱ ይጎትታል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልናገር፤ በግድግዳው ውስጥ ያለው ገመድ ሊጣል ጥቂት ነበር የቀረው። ለምርመራ የጠራሁት ኤሌክትሪሺያን የስፒከር ገመዶቹን ከአምፕሊፋየሩ ነቅሎ በመለኪያው ሲፈትሽ ከ1 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) በታች አነበበ። "ሾርት ነው፤ ግድግዳው ተፈልፍሎ አዲስ ገመድ ይዘርጋ" አለ። እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። የማዕድ ቤቱን ማዞሪያ ሁለት ብሎኖች ፈትቼ ሳወጣው ከኋላው በብረት ላይ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ አገኘሁ፦ ትንሽ ትራንስፎርመር። መለኪያው ያነበበው ይህንን ጥምጥም ነው እንጂ ሾርት አልነበረም። ጎኑ ላይ 2፣ 4 እና 8 የሚሉ ቁጥሮች አሉ፤ ማገናኛዋ 4 ላይ ተሰክታለች።

የዚህች ማገናኛ ትርጉም የቤቱ ሁሉ ቁልፍ ነው። ስፒከሮቹ 8 ኦም ናቸው። ስድስቱ እንዲሁ ጎን ለጎን ቢገናኙ 1.3 ኦም ያህል ብቻ ይሆናሉ፤ እንዲህ ያለውን ጭነት አብዛኛው አምፕሊፋየር አይችለውም። ማዞሪያው በ4 ሲያበዛው እያንዳንዱ ክፍል ለአምፕሊፋየሩ 32 ኦም ሆኖ ይታያል፤ ስድስቱ ጎን ለጎን ሲገናኙ ከ5 ኦም በላይ ይሆናል። ያሠሩት ሰው ይህን አስበው ነው የተዉልን፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። እንዲህ ያለ ቤት ያላችሁ ሰዎች ግድግዳ ከመፈልፈላችሁ በፊት ማዞሪያውን ፈታችሁ እዩ።

አምፕሊፋየሩ ከአሜሪካ የመጣ ስለሆነ በ110 ቮልት ማውረጃ ትራንስፎርመር ነው የሚሠራው። ማውረጃው ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ 50 ኸርዙን ወደ 60 አይቀይረውም፤ ለ60 የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ ይበልጥ ይሞቃል። ስለዚህ ሲሠራ የቁም ሳጥኑን በር አልዘጋም።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ነገር አስቸገረኝ። አንደኛው መዝሙሩ ከፍ ሲል ድምፁ መሰንጠቁ ነው። የዛሬ ማጫወቻዎች ብዙ ጊዜ እስከ 2 ቮልት ያወጣሉ፤ የእኔ አሮጌ አምፕሊፋየር የለመደው ከዚያ በጣም ያነሰውን ነው። በመተግበሪያው የድምፁን ጣሪያ 60 ላይ ስወስነው ጠራ። ሁለተኛው የማያቋርጥ ጉምጉምታ ነበር። ገመዶቹን አንድ በአንድ ስነቅል ቆይቼ የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ስነቅል ቤቱ ጸጥ አለ። ቴሌቪዥኑም ከዚያው አምፕሊፋየር ጋር ስለተገናኘ በጣሪያው የብረት ምሰሶ በኩል ሌላ የኤሌክትሪክ መሬት (ኧርዝ) መንገድ ተፈጥሮ ኖሯል። ከመርካቶ የገዛሁት፣ በድምፅ ገመዱ መካከል የሚገባ ትንሽ መለያ ትራንስፎርመር ነገሩን ፈታው።

የማዕድ ቤቱ ነገር ደግሞ ቆይቶ ነው የገባን። እናቴ አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፈች "ተቀባዮቹ የት ሄዱ?" አለች። እውነትም ዘፋኙ ይሰማል፣ ተቀባዮቹ የሉም። ማዕድ ቤቱ ያለው አንድ ስፒከር ብቻ ነው፤ እሱም የግራውን ድምፅ ብቻ ይቀበላል። በማጫወቻው ማስተካከያ ውስጥ ግራና ቀኙን የሚያዋህድ ምርጫ ስላለ በእሱ ተስተካከለ። ሁለቱን ገመዶች በቀጥታ አጣምሮ አንድ ለማድረግ ግን አትሞክሩ፤ የማጫወቻው ሁለት መውጫዎች እርስ በርሳቸው ይጋፋሉ።

ከዘጠኝ ወር በኋላ ድምፁን ወድጄዋለሁ፤ ዋሽንቱና ክራሩ በኮሪደሩ ሁሉ ይሰማሉ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንኳን ራውተሩ እስካለ ድረስ ኮምፒውተሬ ላይ ያከማቸሁትን ያጫውታል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ግን ራውተሩ ተነሥቶ ማጫወቻው እስኪያገኘው ጥቂት ደቂቃዎች ይፈጃል፤ አንዳንዴም ነቅሎ መልሶ መሰካት ያስፈልጋል። ሐምሌ ከገባ ወዲህ ነጎድጓድ ስሰማ ሁሉንም ከሶኬት እነቅላለሁ።

ከልቤ የማልቀበለው የማጫወቻው ጉድለት አንድ ነው፦ አካሉ ላይ ሙዚቃ መርጦ የሚያስጀምር ቁልፍ የለውም። እናቴ ስማርት ስልክ አትይዝም። እኔ ሥራ ስሄድ ቤቱ እንደገና ዝም ይል ነበር፤ በገዛ ቤቷ ዜና ለመስማት ልጇን መጠበቅ የለባትም። በመጨረሻ በአምፕሊፋየሩ ሁለተኛ መግቢያ ላይ አሮጌ ሬዲዮናችንን ሰካሁላት። ጠዋት በ12 ሰዓት ሬዲዮውን ትከፍታለች፣ መምረጫውን ወደ ሁለት ታዞራለች፤ ከዚያ ቡናዋን ስትቆላ የማዕድ ቤቱን ማዞሪያ ራሷ ከፍ ዝቅ ታደርጋለች። ዛሬ ብገዛ ዋጋው ቢጨምርም የተቀመጡ ጣቢያዎችን በአንድ ንክኪ የሚከፍቱ ቁልፎች ያሉትን እመርጣለሁ።