ለአዳማ ቤት የቱ ይሻላል? ሶላር፣ ነፋስ ወይስ ባዮጋዝ

ቀን መብራት ሄዶባችሁ በር ላይ ስትወጡ፣ ማዶ ኮረብታው ላይ የነፋስ ተርባይኖቹ ይሽከረከራሉ። ያበሽቃል። የነፋስ ማመንጫዎቹ አዳማ 1 የ51፣ አዳማ 2 ደግሞ የ153 ሜጋ ዋት አቅም አላቸው። የሚያመነጩት ግን ወደ ብሔራዊው የኃይል ቋት ይገባል እንጂ በቀጥታ ወደ ሰፈራችን አይመጣም። «ታዲያ ትንሿን ለምን ጣሪያዬ ላይ አልሰቅልም?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም ብዬ ነበር።

ችግሩ የኮረብታው ነፋስ ግቢያችን ውስጥ የለም። የነፋስ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የሚገኘው ኃይል ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። የጎረቤት ፎቅና የግቢ ዛፍ ደግሞ ነፋሱን ይሰብሩታል። የሚሽከረከር ዕቃ ሁሉ ያረጃል፣ ይንጫጫልም። ሌሊትም መሥራቱ ጥሩ ነው፤ ገላጣ ሜዳ ላይ እርሻ ላለው ሰው ሊያዋጣ ይችላል። ከተማ ውስጥ ግን ገንዘባችሁን አታቃጥሉ።

ሶላር ለአብዛኛው ቤት ይሻላል፤ ፀሐይ አዳማን አትነፍጋትም። ሒሳቡ ቀላል ነው። አራት ባለ 10 ዋት አምፖል ለአምስት ሰዓት 200 ዋት ሰዓት ይፈጃል። ባለ 60 ዋት ቴሌቪዥን ለአራት ሰዓት ሲሠራ 240 ነው። ቀኑን ሙሉ የሚበራ ባለ 10 ዋት ዋይፋይም 240 ይወስዳል። በድምሩ 680። አንድ ባለ 300 ዋት ፓኔል በጥሩ ቀን ብክነቱ ተቀንሶ ወደ 1,000 ይሰጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ሰማዩ ሲደፈን ያንን አትጠብቁ። ምጣድንም እርሱት፤ ከ3,000 ዋት በላይ ይጠጣል። ለእንጀራ የቆጣሪው መብራት እስኪመጣ መጠበቅ ነው።

ፓኔሉ ወደ ደቡብ ትንሽ ዘንበል ይበል፤ ከቆርቆሮውም ከፍ ብሎ ይታሰር። ሙቀት ያደክመዋል፣ አየር ከሥሩ ማለፍ አለበት። አቧራውን በጠዋት ጥረጉ። በጠራራ ፀሐይ ቀዝቃዛ ውኃ አታፍስሱበት፣ መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ገንዘቡን የሚበላው ባትሪው ነው። እኔ ርካሽ አገኘሁ ብዬ የመኪና ባትሪ ገዛሁ። ሻጩ «ያው ነው» ብሎኝ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ሞተ። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ እንዲሟጠጥ አልተሠራም። ለሶላር የተሠራው የሊድ (የእርሳስና አሲድ) ባትሪም ቢሆን ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል። ስለዚህ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት የሚል ሊድ በተግባር 600 ዋት ሰዓት ገደማ ነው የሚሰጣችሁ፤ ከላይ ያለው ሒሳብ አይሞላለትም። ያው መጠን ያለው ሊትየም ወደ 1,000 ይጠጋል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። መግዣው ያስደነግጣል እንጂ እኔ ዛሬ ብገዛ ሊትየም ነው። አቅም ካጠረ ከሁለት ፓኔል አንድ ፓኔልና ደህና ባትሪ።

ባዮጋዝ የኮንዶሚኒየም ነገር አይደለም። ዳር ላይ ግቢና በቂ እበት የሚሰጡ ከብቶች ላሉት ግን እበቱ ጋዝ ይሆናል፣ ዝቃጩ ለጓሮ ማዳበሪያ። በየቀኑ እበትና ውኃ ማደባለቅ አለ፣ ልጆች ይሸሹታል። ለወጥና ለቡና ይበቃል፤ እንጀራ ላይ ይደክማል። የማገዶ ጭስ የሰለቻቸው እናት ካሉ ግን መጀመሪያ እሳቸውን ጠይቁ።