ካኖን 50 ሚሜ 1.8 ኤስቲኤም፦ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ላይ ሲፈተን

ይህ የካኖን ካሜራ ሌንስ ጣና ሐይቅ ላይ ባለው ዘጌ፣ በክቡ የኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ላይ፣ የመጀመሪያውን ፈተና ይወድቃል፤ ሕንፃውን ሙሉውን አያስገባም። እንደ ካኖን 250ዲ ባለ አነስተኛ ሴንሰር (ምስል ተቀባይ) ካሜራ ላይ 20 ሜትር ስፋት ያለውን ነገር ለማስገባት 45 ሜትር ያህል መራቅ ይጠይቃል፤ በፉል ፍሬም፣ ማለትም በትልቁ ሴንሰር፣ 28 ሜትር ይበቃዋል። በዛፍ በተከበበ ግቢ ያን ያህል ማፈግፈጊያ ከየት ይመጣል? ክቡን ግድግዳና ሾጣጣውን ጣሪያ ባንድ ላይ የሚፈልግ 24 ሚሜ ይያዝ።

አንድን ሕንፃ እየተመላለሱ በማንሳት ለመማር ግን የምንመርጠው ይህንኑ ነው። ይህ ሌንስ ዙም የለውም። ዙም ያለው ሰው ቀለበቱን አዙሮ ያልፈዋል፤ በኋላ ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ሲያይ የተለየው ብርሃኑ ይሁን፣ ቆሞ ያነሳበት ቦታ ይሁን ማወቅ ያቅተዋል። እዚህ ግን የሚቀየረው እግርና ፀሐይ ብቻ ነው። በስምንት አቅጣጫ መቆሚያ ይመረጥ፤ ቦታው በድንጋይ ወይም በዛፍ ይለይ፤ በስልክም ይመዝገብ። ከውጭ ሁልጊዜ ኤፍ/8 (የሌንሱ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ዋይት ባላንስ (የቀለም ማስተካከያ) 5200 ኬልቪን። አውቶ ዋይት ባላንስ የጫካውን አረንጓዴ ጥላ አንድ ቀን ይተወዋል፣ ሌላ ቀን ያጠፋዋል፤ ንጽጽሩም ከንቱ ይሆናል።

ክብ ቤት ለዚህ ልምምድ የተመቸ ነው፤ ብርሃኑ በማዕዘን ሳይቆረጥ ግድግዳውን ዞሮ ቀስ በቀስ ወደ ጥላ ይገባል። ወቅቱም ልዩነት አለው። የዘጌ ጎረቤት ባሕር ዳር 11.6 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስላለች፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። በታኅሣሥ ደግሞ ቀትር ላይ ከደቡብ 55 ዲግሪ ከፍታ ላይ ትሆናለች። ስለዚህ በበጋ ቀትር ላይ ጥላ ብቻ የነበረው የሰሜን ጎን፣ ክረምት ላይ ደመናው ከተከፈተ ብርሃን ያገኛል። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን የጣሪያው ክፈፍ ጥላውን ግድግዳው ላይ ቁልቁል ይጥላል፤ ሰማዩ ነጭ፣ ግድግዳው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ነው ደጉ። ለጀልባ ግን ጠዋት ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሐይቁን ያናውጠዋል፤ ሌንሱ ደግሞ ውኃ መከላከያ ስለሌለው ከከረጢት አይውጣ።

ውስጥ ግን ሌንሱ ዋጋውን ይመልሳል። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች በፍላሽ ማንሳት አይፈቀድም፤ ትራይፖድም (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) የአባቶችን ፈቃድ ይሻል። ሌንሱ የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያ ስለሌለው በትንሹ ሴንሰር የመዝጊያውን ፍጥነት ከ1/80 ሰከንድ ማዘግየት አደጋ አለው፤ ስለዚህ አይኤስኦውን እስከ 3200 ከፍ ማድረግ ግድ ይሆናል። ብርሃን በጠፋ ቁጥር 1.8 ላይ መክፈት ያጓጓል፤ ሆኖም ከሁለት ሜትር ርቀት ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 11 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። ወደ ጎን ትንሽ ዘወር ብሎ የቆመ ሰው የቅዱስ ጊዮርጊስን ፊት አጥርቶ የፈረሱን ጭራ ያደበዝዛል። ከሥዕሉ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ኤፍ/4 ላይ፣ በራው (ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ) ፋይል ማንሳት ነው። ቅዳሴ ላይ ከሆኑ ካሜራው ይቀመጥ፤ ጫማ ማውለቁንም ማንም አይረሳም ብለን እንተወው።

የማይጥመን አንድ ነገር አለ። ፎከሱ በሞተር የሚሠራ በመሆኑ ካሜራው ከጠፋ ቀለበቱን ማዞር ምንም አይለውጥም፤ የሌንሱ አፍም በወጣበት ይቀራል። እንደወጣ ከረጢት ውስጥ ከተገፋ ሞተሩ ሊጎዳ ይችላል። ፎከሱን ወደ ሩቅ አድርጎ፣ አፉ መግባቱን አይቶ ማጥፋት ነው። የሌንሱ የብርሃን መከለያ ለብቻው ይሸጣል፤ ይገዛ፣ ለግጭትም ያገለግላል።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ከ1990 ጀምሮ ከተሸጠው ከቀድሞው ሁለተኛ ሞዴል ጋር እንዳያምታታው፤ ሻጮች ሁለቱንም «ፊፍቲ» ነው የሚሏቸው። በ2015 የወጣው አዲሱ ካሜራው ላይ የሚገጥመው ቀለበት ብረት ነው፤ የአሮጌው ፕላስቲክ ነው። የፊልተር መጠኑም ይለያቸዋል፤ አዲሱ 49 ሚሜ፣ አሮጌው 52።