ሰይድ አሊ ወይስ አሊ፣ ሰ.?

ደሴና ወልዲያ ላይ በትምህርት ዘርፍ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎች ዋቢ ሲያሰፍሩ አንድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል። የጸሐፊው የራሱ ስም ይቅደም ወይስ የአባቱ?

የኤ.ፒ.ኤ. (የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር) የዋቢ አጻጻፍ ስልት የቤተሰብ ስም ያስቀድምና የራስን ስም በመነሻ ፊደል ያሳጥራል። ሰይድ አሊ «አሊ፣ ሰ.» ይሆናል። ለውጭ መጽሔት የሚልክ ሰው ይህ ይጠቅመዋል። ግን ወሎ ውስጥ አባቱ አሊ የሚባል ስንቱ ነው! ሰለሞን አሊም፣ ሰዓዳ አሊም እዚያው «አሊ፣ ሰ.» ውስጥ ይገባሉ። በአንድ ዓመት ከጻፉማ አንባቢ ማንን ከማን ይለይ?

ሙሉ ስምን እንዳለ መጻፍ ይህን ጣጣ ያስቀራል። ስለ ኢትዮጵያ የሚያጠኑ ብዙ ምሁራንም እንዲሁ ያደርጋሉ። ለአማርኛ ጽሑፍ ያለማመንታት ይህንን እመርጣለሁ። ትምህርት ክፍሉ ኤ.ፒ.ኤ. ካለ ግን በዚያው መጽናት ነው። አንዱን እንዲህ፣ ሌላውን እንዲያ ማድረግ ከሁለቱም ይብሳል።

የዘመን አቆጣጠሩንም አደራ። የቀድሞው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የወጣው በ1986 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. 1994 መሆኑ ነው። የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳይገልጹ ቁጥሩን ብቻ መጻፍ አንባቢን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያሳስተዋል።