ወደ ሰሜን ሚኒሶታ ወጥታችሁ «ጡረተኛ» የበረዶ ጋሪ ውሻ ልትወስዱ ያሰባችሁ፦ ቺፑ (ከቆዳው ሥር የሚቀበረው የመለያ ቁጥር) ሳይነበብ ገንዘብ እንዳትሰጡ

ንዴቱ ሳይበርድልኝ ልጻፈው። ልጆች ይዛችሁ ከዱሉዝ ወደ ላይ የምትወጡ ብዙ ናችሁና ይመለከታችኋል። የቦታውን ስም አልጠራም፤ ሻጩ ጠበቃ ይዞ እንዲመጣብኝ አልፈልግም። ሰፈሩን የምታውቁ ግን ታውቁታላችሁ።

መቼም አሠራሩ አይጠፋችሁም። በጥርና በየካቲት ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ትሳፈራላችሁ። ልጆቹ ውሾቹን ያቅፋሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ስልክ ቁጥራችሁ ይመዘገባል። በረዶው ሲቀልጥ መልእክት ይመጣል። «ውድድር የጨረሰ መሪ ውሻ አለን፣ ቤት እንፈልግለታለን» ይላል፤ ከፎቶ ጋር። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ሰላም የለም።

ነገሩ በራሱ ማጭበርበር አይደለም። አንድ ኬነል፣ ማለትም የጋሪ ውሾች የሚያሳድግ ቤት፣ ሠላሳ አርባ ውሻ ሊያሳድር ይችላል። ውድድሩ በመጋቢት አካባቢ ያበቃል። በሙቀቱ ወራት ጋሪ የሚሳፈር የለም፤ ውሾቹ ግን ይበላሉ። ስለዚህ ስምንት ዘጠኝ ዓመት ያለፋቸው፣ እንዲሁም ፍጥነት ያነሳቸው ወጣት ውሾች በጸደይ ቤት ይፈለግላቸዋል። ጨዋ ኬነል ውሻውን አስኮላሽቶ፣ የክትባት ወረቀቱን አያይዞ፣ ያወጣውን ወጪ ብቻ ጠይቆ ይሰጣል። ካልተስማማችሁ ራሱ መልሶ ይወስደዋል። እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ፣ አውቃለሁ።

ችግሩ ደላላው ነው። አዎ፣ እዚህም ደላላ አለ። በረዶ የጠፋበት ዓመት ለኬነሎች ገቢ የጠፋበት ዓመት ነው። በ2024 ከዱሉዝ የሚነሳው የቤርግሪስ የውሻ ጋሪ ውድድር እንኳን በበረዶ እጦት ተሰርዟል። የሚዘጋ ወይም የሚቀንስ ኬነል ሲኖር እኔ የምላችሁ ዓይነት ሰው ፒክአፑን ይዞ ይደርሳል። ውሾቹን በነጻ ሰብስቦ «የራሴ ጡረተኞች» እያለ ይቸበችባል።

እኛ 600 ዶላር ከፈልን፤ በላዩ ላይ 300 ዶላር ዲፖዚት አስያዝን። ወረቀቱ «ወንድ፣ አላስካን ሃስኪ፣ አምስት ዓመት፣ መሪ ውሻ፣ ቤት ውስጥ መኖር የለመደ» ይላል። እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ ስትሰማ «ውሻ በዶላር?» ብላ ስልኩን ለእህቴ ሰጠቻት።

ውሻው ደረጃ አያውቅም። ፍሪጁ ድምፅ ባሰማ ቁጥር ይደነግጣል። እሱን አልወቅስም፤ ዕድሜውን ሙሉ ደጅ በሰንሰለት ታስሮ፣ ጭድ በተነጠፈባት ትንሽ ሣጥን ያደረ እንስሳ ስለ ምንጣፍ ምን ያውቃል? ከዚያ የኋላ እግሩን ማነከስ ጀመረና ሐኪም ጋ ወሰድነው። ሐኪሟ ትከሻው ላይ ማንበቢያውን አሳለፈች፤ ቁጥር ወጣ። ከንፈሩን ገልጣ ጥርሱን አየች፤ አልቋል። ቁጥሩን ይዛ ወደ መዝገቡ ደወለች። ባለቤት ተብሎ የተመዘገበው ሽማግሌ ከአላስካ መልሶ ደወለልን። ውሻው አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። መሪ ሆኖም አያውቅም፤ ከጋሪው አጠገብ ሆኖ ክብደቱን የሚጎትት ነበር። «ቤት ያገኝለታል ብዬ በነጻ ነው የሰጠሁት፤ ነዳጁን እንኳን እኔ ነኝ የከፈልኩለት» አለ ሰውዬው። ድምፁ ተቀየረ። ራጅ ሲነሳ ዳሌው ላይ የቆየ የመገጣጠሚያ በሽታ ተገኘ።

ሁሉንም ወረቀት ይዘን፣ ውሻውንም ጭነን ተመለስን። ቢሮ ውስጥ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ተቀምጣለች። ውሻውን ሲሸጡልን ቡና የቀዳችልን እሷ ነች። አሁን ከስልኳ ቀና አላለችም። የሐኪሟን ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ። አላነበበችውም። ውሉን አወጣችና ታች ባለችው ትንሽ ጽሑፍ ላይ ጥፍሯን አሳረፈች፦ «ዕድሜ በግምት ነው»። እሺ፣ ዲፖዚቱስ? ጥፍሯ አንድ መስመር ወረደ፦ ውሻው በተረከባችሁት ጤንነት ካልተመለሰ ዲፖዚት አይመለስም። «ከዚህ ሲወጣ አያነክስም ነበር» አለች።

የዓመታት በሽታ የእኛ ጥፋት ሆኖ አረፈው!

ሐኪሟ የቆየ በሽታ ነው ብላለች ስላት ያኔ ቀና አለች። እኔን አይታ፣ ባለቤቴን አይታ፣ «በአገራችሁ ውሻ ቤት ውስጥ ታሳድጋላችሁ? ምናልባት አያያዙን አላወቃችሁበት ይሆናል» አለች። ፈገግ ብላ። ልጄ አጠገቤ ቆማለች። እዚህ ተወልዳ ያደገች ልጅ ነች፤ አንዲት ቃል አላመለጣትም። «ከፈለጋችሁ ውሻውን ትታችሁ መሄድ ትችላላችሁ፤ ገንዘብ ግን የለም» ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች።

አለቃሽን ጥሪልኝ አልኳት። «የለም» አለች። በመስኮቱ ግን ይታየኛል። ግቢ ውስጥ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ቆሟል፤ አፏ ሙሉ በሙሉ የሸበተ ሴት ውሻ ይዞ። ወጣሁ። «አምስት ዓመቷ ነው፣ መሪ ነበረች» እያላቸው ነው። ቃል በቃል! ሲያየን አልደነገጠም። እጁን አንስቶ እንደ ድሮ ወዳጅ ሰላም አለን።

ባለቤቴ አልቻለችም። ቀጥ ብላ ወደ እናትየዋ ሄዳ «ከመክፈልሽ በፊት ቺፑን አስነብቢ» አለቻት። ያኔ ሠራተኛዋ እየሮጠች መጣች። ግቢው የግል ነው፣ ካልወጣችሁ ፖሊስ እንጠራለን ተባልን። ልጄ እያለቀሰች መኪና ውስጥ ገባን። ውሻውን ትተን ብንሄድ በማግስቱ ለሌላ ሰው እንደሚሸጠው ገብቶናል። አሁን እኛ ጋ ነው፤ መድኃኒት ይወስዳል።

እንግዲህ ምክር ከተባለ፦ ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት ውሻውን እናንተ የመረጣችሁት ሐኪም ጋ ወስዳችሁ ቺፑን አስነብቡ፣ ጥርሱንም አሳዩ። «ከማን ነው ያገኘኸው?» በሉት። ራሱ ያሳደገው ሰው የውሻውን እናት ስም ሳይቀር ይነግራችኋል። ዲፖዚት የሚያስይዝ ከሆነ ተነስታችሁ ሂዱ። የተበላችሁ ካላችሁ ለሚኒሶታ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ አቤቱታ ይገባል፤ ጠበቃ ሳትይዙ ኮንሲሊዬሽን ኮርት (አነስተኛ የገንዘብ ክርክር የሚያይ ፍርድ ቤት) መክሰስም ይቻላል። እኛ ወረቀቱን እየሞላን ነው፤ በዚሁ ሰው የተበላ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

ማስታወቂያው ዛሬ ጠዋትም አልወረደም። ፎቶው የእኛው ውሻ ነው። አምስት ዓመቱ ነው ይላል። ዋጋው 650 ገብቷል።