ካሩሶ በትክክለኛው ፍጥነት፦ የናክሶስ 12 ሲዲዎች

ጣልያናዊው የኦፔራ ቴነር (ከፍተኛ የወንድ ድምፅ ዘፋኝ) ኤንሪኮ ካሩሶ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው፤ በማይክሮፎን የተቀዱ ሸክላዎች በስፋት ገበያ የወጡት በ1925። ስለዚህ ከእሱ የቀረን ድምፅ በሙሉ በትልቅ ጡሩምባ አፍ ገብቶ ሰም ላይ የተቀረጸ ነው። የእኛው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴም በዚያው ዘመን በርሊን ላይ ያዜሙት እንዲህ ባለ ጡሩምባ ፊት ቆመው ነበር።

የካሩሶ ሲዲ ሞልቷል፤ ችግሩ ምርጫው ነው። የሙዚቃ አሳታሚው ናክሶስ በ12 ሲዲ ያወጣው፣ ዋርድ ማርስተን ከሸክላ የገለበጠው ሙሉ ስብስብ ይመረጣል፤ ዋናው ምክንያት ፍጥነት ነው። ሸክላዎቹ በደቂቃ 78 ዙር ይሽከረከራሉ ተብሎ በጥቅሉ «78» ይባሉ እንጂ ብዙዎቹ የተቀዱት ከዚያ ባነሰ ዙር ነው። በደቂቃ 73.5 ዙር የተቀዳውን በ78 ቢያጫውቱት ድምፁ በግማሽ ቶን ይወጣል፣ ዜማው ይጣደፋል፣ ያ ወደ ባሪቶን (ከቴነር ዝቅ ወዳለው የወንድ ድምፅ) የሚያደላው ወፍራም ድምፅ ቀጥኖ ይርገበገባል። ማርስተን በዚህ ጥንቃቄው የታወቀ ነው። ሌላ እትም በእጅዎ ካለ በስልክ ላይ ባለ የድምፅ መቃኛ መተግበሪያ የመጨረሻውን አኮርድ ከኖታው ጋር ያስተያዩ። ልዩነቱ ልክ ግማሽ ቶን ከሆነ ግን ለመፍረድ አይቸኩሉ፤ ዘፋኞች አንዳንዴ ሆን ብለው ዝቅ አድርገው ይዘፍናሉ። ያኔ የሚለየው የድምፁ ርግብግቢት ነው፤ ከተፋጠነ ጥፋቱ የዙሩ ነው።

ካሩሶ «ፓሊያቺ» ከተባለው ኦፔራ «ቬስቲ ላ ጁባ» የተሰኘውን አርያ (የብቻ ዜማ) ሦስት ጊዜ ቀድቶታል፦ በ1902 እና በ1904 በፒያኖ፣ በ1907 በኦርኬስትራ። በመጀመሪያው ድምፁ ቀለል ያለ፣ የወጣት ነው፤ ፒያኖው ከጎረቤት ቤት የሚመጣ ይመስላል። የ1907ቱ ግን ሌላ ነው። «ሪዲ ፓሊያቾ» («ሳቅ፣ ፓሊያቾ») ሲል ትንፋሹ ሳይቆራረጥ ድምፁ ከታች ጀምሮ ይሞላል፣ ጫፍ ላይም አይሰነጠቅም። ጡሩምባው ኃይለኛ ድምፅ ሲበዛበት መርፌውን ስለሚያዘልል ዘፋኞች እዚያ ቦታ ላይ ወደኋላ ማፈግፈግ ነበረባቸው። ለጀማሪ ይህንን የያዘው ሲዲ ይቅደም።

ጉድለቱ አይደበቅም። የ1902ቶቹ ላይ የመርፌው ፍትጊያ ይበረታል። በ12 ኢንች ሸክላ አንድ ገጽ የሚገባው 4 ደቂቃ ተኩል ገደማ ስለሆነ ረጃጅም አርያዎች ይቆረጣሉ ወይም ይቻኮላሉ። ኦርኬስትራውም ሳሳ ያለ ነው፤ ጡሩምባው የገመድ መሣሪያዎችን በደንብ ስለማይዝ የባሱን ቦታ ብዙ ጊዜ ቱባ ይሸፍነዋል።

ሲያዳምጡ የባስ ማጉያውን ያጥፉ፤ የሚጨምረው ጉርምርምታ ብቻ ነው። ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን በመጠኑ ዝቅ ቢያደርጉ ፍትጊያው ይለዝባል። አብዝተው ከቀነሱት ግን ቃላቱ ይደፈናሉ፤ ጣልያንኛው ጥርት ብሎ መሰማቱ ደግሞ የካሩሶ ግማሽ ውበት ነው። ዘመናዊ ኦርኬስትራ የተደረበባቸውን እትሞች ይተዉ፤ አዲሱ ሙዚቃ ፊት ላይ ሰፍቶ ይቆማል፣ ካሩሶ ከኋላው ይቀራል።