5 ሺህ ብር ለማስታወቂያ፦ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ታፔላ ወይስ ምርቃት?

እህቴ ባልትና ቤት ከከፈተች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣና በሶ ትሸጣለች። ሒሳቡንና ማስታወቂያውን የምይዝላት እኔ ነኝ። ሥራው እንደተጀመረ ለማስታወቂያ የቀረን 5 ሺህ ብር ብቻ ነበር። የት እናድርገው ብለን ብዙ ተከራከርን። እሷ «ዕቃው ጥሩ ከሆነ ሰው ራሱ ይመጣል» ባይ ነበረች። እኔ ደግሞ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» እያልኩ እሟገታለሁ። ሁለታችንም ከፊል እውነት ነበረን።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሞክረናል። አሁን አሁን ሱቅ የሚከፍቱ ጓደኞቼ ያንኑ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። ስለዚህ በትንሽ ብር የሚሠሩትን መንገዶች ሁለት ሁለቱን እያጋጠምኩ ላወዳድራቸው። ሚዛኔ የወጣው ብር ብቻ አይደለም። አንድ ሰው በር ድረስ ለማምጣት ስንት ወጣ? የመጣውስ ሰው ተመልሶ መጣ?

ቴሌግራም ወይስ ቲክቶክ?

ሁለቱም በነጻ ይከፈታሉ። ወጪያቸው የኢንተርኔት ጥቅልና የእናንተ ጊዜ ነው። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

ቲክቶክ የማያውቃችሁን ሰው ያመጣል። ቪዲዮው የሚታየው ለተከታዮቻችሁ ብቻ አይደለም። ሰዎች ቶሎ ሳያልፉ ካዩት ለሌላም ለሌላም እየታየ ይሄዳል። ትናንት የተከፈተ ገጽ ዛሬ ሺህ ሰው ሊያየው ይችላል። ደግሞ ካሜራ ምናምን አያስፈልግም። በደንብ የታዩልን ቪዲዮዎች እህቴ በርበሬ ስትደልዝ፣ ሽሮው ከወፍጮ ትኩሱን ሲወጣ በስልክ የቀረጽናቸው ናቸው። አሳምረን ያቀናበርነው ግን ብዙም አልታየም። ሰው ማየት የሚፈልገው እጅ ሲሠራ ነው።

ችግሩ፣ ማን እንደሚያየው እናንተ አትመርጡም። ተመልካቹ መቀሌ ሊሆን ይችላል፣ ጅዳ ሊሆን ይችላል፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ሊሆን ይችላል። አንድ ቪዲዮ ብዙ ሰው ዓይቶልን በዚያ ሳምንት የተሸጠው ከወትሮው እምብዛም አልጨመረም። ኮመንቱ ሁሉ «ቦታው የት ነው?» የሚል ነበር። ቪዲዮው ላይ አልጻፍነውማ! ሰፈሩንና ስልኩን ቪዲዮው ላይ በትልቁ ጻፉ። ይህቺን ትንሽ ነገር የምትዘሉ ከሆነ ቲክቶክ ላይ የምታጠፉት ጊዜ ያሳዝናል።

ቴሌግራም በተቃራኒው አዲስ ሰው በማምጣት ደካማ ነው። ቻናል ከፍቶ ዝም ቢሉት ማንም አይመጣም። የገባውን ሰው ግን ይይዛል። የለጠፋችሁት ነገር ለተመዝጋቢው ሁሉ ይደርሳል። ስንት ሰው እንዳየው ከሥሩ ያለችው የዓይን ምልክት ትነግራችኋለች። ዋጋ ሲለወጥ የቀድሞውን ጽሑፍ ታስተካክላላችሁ። የዋጋ ዝርዝሩን አናት ላይ ፒን ታደርጋላችሁ። ደንበኛዋ ከወር በኋላ ቻናሉ ውስጥ «ሚጥሚጣ» ብላ ፈልጋ ታገኘዋለች።

ውጭ አገር ያለው ተመልካች ገዢ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ ወይም ዱባይ ያለ ልጅ ለራሱ ሽሮ ማዘዝ ባይመቸው እንኳ አዲስ አበባ ላለች እናቱ በዓል ሲደርስ ማዘዝ ይችላል። ዝርዝሩን ቴሌግራም ላይ ያያል፣ ይጽፋል፣ ክፍያውን እዚህ ያለ ወንድሙ በቴሌብር ይፈጽማል። እንዲህ ያሉ ደንበኞች ጥቂት ናቸው። ግን በየበዓሉ አይጠፉም።

እናም ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ለሱቅ ቴሌግራምን እመርጣለሁ። አቅም ካላችሁ ቲክቶኩን በር አድርጉት፣ ቴሌግራሙን ቤት። ቲክቶክ ላይ ያየ ሰው የሚገባበት ቻናል ይኑራችሁ።

ሁለት ነገር አደራ። አንደኛ፣ «ዋጋ በኢንቦክስ» አትበሉ። ዋጋ የሚደብቅ ሻጭ ሰው ይጠረጥረዋል። ጠይቆ መልስ የሚጠብቀውም ጥቂቱ ነው። ሁለተኛ፣ ሜምበር አትግዙ፤ ቁጥሩ በተገዛ ሜምበር የተነፋ ቻናል ላይም ከፍላችሁ አታስተዋውቁ። እኛ አንድ ጊዜ ሌላ ቻናል ላይ ከፍለን አስተዋውቀን ነበር። ቻናሉ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለው ተብለን ነው የከፈልነው። ማስታወቂያችን ግን በሁለት ቀን ውስጥ ጥቂት መቶ ሰው ብቻ አየው። አንድም ሰው አልደወለም። ከመክፈላችሁ በፊት የቻናሉን የመጨረሻ አስር ፖስቶች የዓይን ምልክት ተመልከቱ። የተመዝጋቢው ቁጥርና የተመልካቹ ቁጥር ሰማይና ምድር ከሆኑ ብራችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

መቼ እንደምትለጥፉም ልዩነት አለው። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ስለ ሽሮ፣ ረመዳን ሲቃረብ ለሾርባ ስለሚሆነው፣ ደሞዝ ሰሞን ስለ በርበሬ። ጾሙ ከገባ በኋላ የሚለጠፍ የሽሮ ማስታወቂያ ዘግይቷል፤ ሰው አስቤዛውን ገዝቶ ጨርሷል።

የፌስቡክ ቡስት ወይስ ጎግል ማፕ?

ፌስቡክ ላይ ገጽ መክፈት ነጻ ነው። ነጻው ግን ሩቅ አያስኬድም፤ ገጻችሁን ከወደደው ሰው ጥቂቱ ብቻ ነው ፖስቱን የሚያየው። ለብዙ ሰው ለመድረስ ቡስት ማድረግ፣ ማለትም ፖስቱ እንዲታይ ለፌስቡክ መክፈል ይጠይቃል። ቡስት ደግሞ የሚከፈለው በዶላር ነው። እዚህ አገር ያለ ትንሽ ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ በመሐል ላለ ሰው ብር ሰጥቶ ነው የሚያስደርገው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ነገሩ ከበደ። ከዚያ በፊት በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ሆነ። የ10 ዶላር ቡስት ያው የ10 ዶላር ነው። ከኪሳችሁ የሚወጣው ብር ግን ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የመሐል ሰውየው ድርሻ ሳይቆጠር ማለት ነው።

ቡስት ጥሩ ጎን የለውም አልልም። ሰፈር፣ ዕድሜና ፆታ መምረጥ ያስችላል። ሶፋ ለሚሠራ፣ ለሙሽራ ቬሎ ለሚያከራይ፣ አንድ ደንበኛ ብዙ ብር ለሚያስገባለት ሥራ ያዋጣል። ኪሎ ሽሮ ለሚሸጥ አያዋጣም። እኔ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ትቼዋለሁ።

ጎግል ማፕ ግን ዘወትር የምንረሳው ሀብት ነው። ሱቁን ማስመዝገብ ነጻ ነው። ስም፣ ስልክ፣ የሥራ ሰዓት፣ ፎቶ ታስገባላችሁ። ቦታው የእናንተ መሆኑን በስልክ ወይም በቪዲዮ ታረጋግጣላችሁ። አለቀ። አድራሻችን «ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው» በሆነበት ከተማ አንድ ሊንክ መላክ ብዙ ስልክ ያድናል። ዴሊቨሪ የሚያደርሰው ልጅም አይጠፋበትም። ካፌ፣ የወንዶች ፀጉር ቤት፣ ጋራዥ፣ እንግዳ ማረፊያ ያላችሁ ይህን ሳታደርጉ አንድ ብር ሌላ ቦታ አታውጡ። ለእኛ ያመጣልን አዲስ ሰው ብዙ አይደለም። ያወጣነው ግን የአንድ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ብቻ ነው።

ታፔላ ወይስ በራሪ ወረቀት?

እዚህ ላይ አላመነታም። ሱቃችሁ ሰው በሚያልፍበት መንገድ ላይ ከሆነ ታፔላው ይቅደም። አንዴ ይከፈልበታል፣ ለዓመታት ይሠራል። ፊደሉ ከመንገዱ ማዶ ይነበብ። ስም ብቻ አትጻፉ፤ ምን እንደምትሸጡ ጻፉ። «ሰላም» የሚል ታፔላ ምንም አይነግረኝም። «ሰላም ባልትና» ይነግረኛል። ከማሠራታችሁ በፊት ግን ወረዳችሁን ጠይቁ። የውጭ ማስታወቂያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በተለይ ኮሪደር ልማቱ በደረሰባቸው መንገዶች ዝም ብሎ መስቀል ጣጣ አለው። ተሠርቶ ከተነቀለ ብሩ ቀለጠ።

በራሪ ወረቀት ላይ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። እንበል በ3 ሺህ ብር አሳትማችሁ በተናችሁ። አስር ሰው መጣ። አንድ ሰው 300 ብር አስወጣችሁ ማለት ነው። ከኪሎ ሽሮ 60 ብር የምታተርፉ ከሆነ ያ ሰው አምስት ኪሎ እስኪገዛ ድረስ የምትሠሩት የወረቀቱን ዋጋ ለመመለስ ነው። መገናኛ ወይም ሜክሲኮ ታክሲ ተራ ቆሞ ወረቀት የተቀበለ ሰው ደግሞ ሁለት እርምጃ ሄዶ ይጥለዋል። በየምሰሶው መለጠፉም ከደንብ አስከባሪ ጋር ያጣላል።

የወረቀቱን ብር ወደ ስቲከር አዙሩት። ማሸጊያው ላይ የሚለጠፍ፣ ስልክና የቴሌግራም ኪውአር ኮድ ያለበት ስቲከር። የበርበሬ ማሸጊያ ኩሽና ውስጥ ወራት ይቆያል። ጎረቤት ቡና ልትጠጣ ስትመጣ ታየዋለች። ወጡ ጥሟት «በርበሬው የት ነው?» ብላ ስትጠይቅ መልሱ እዚያው ተለጥፏል። እኛ ካወጣነው ወጪ ሁሉ እንደዚህ የከፈለን የለም።

ታዋቂ ሰው ወይስ የራስ ደንበኛ?

ለቲክቶከር የሚከፈለው ብር ለትንሽ ሱቅ ብዙ ነው፤ ተከታዩም ለሳቅ እንጂ ለበርበሬ አልመጣም። በሰፈራችሁ የምትታወቅ አንዲት የዕድር ጸሐፊ ወይም የዕቁብ ዳኛ ትበልጣለች። አንድ ኪሎ በነጻ ስጧት፣ ከወደደችው ትናገራለች። ካልወደደችው ደግሞ ምን እንደጎደለው ለእናንተ ትንገር። እሱም ትልቅ ጥቅም ነው።

ቅናሽ ወይስ ምርቃት?

ሰው ማስታወቂያ ሲባል ይህን አያስብም። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምከራከርበት ይህ ነው።

አዲስ ሱቅ ሲከፈት የመጀመሪያው ሐሳብ ዋጋ መቀነስ ነው። እስቲ በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ኪሎው 500 ብር የሚሸጥ በርበሬ 80 ብር ያተርፋል እንበል። አስር በመቶ ቀነሳችሁ። 50 ብር ሄደ፣ የቀረው 30 ብር ነው። ደንበኛዋም በሚቀጥለው ወር 500 ስትሏት «ጨመራችሁ እንዴ?» ትላለች። ዋጋን ማውረድ ቀላል ነው፤ መመለሱ ነው የሚያጣላው።

በዚያ ፈንታ በ500 ሽጡላትና 25 ብር የሚያወጣ ሚጥሚጣ በትንሽ ላስቲክ መርቁላት። 55 ብር ይቀራችኋል። ዋጋችሁ አልተነካም። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን እስከዚያ ቀን ገዝታው የማታውቀውን ዕቃ ቀምሳለች። የእኛ ሚጥሚጣ ገበያ ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ጉልት ላይ «መርቂልኝ እንጂ እህቴ» እያልን ያደግን ሰዎች ነን። ሳትጠይቅ የተመረቀላት ሴት ደስታዋ ፊቷ ላይ ይታያል። ቃሉ ራሱ ከቡራኬ ጋር አንድ መሆኑ ሁሌ ደስ ይለኛል።

ቅናሽ ቦታ የሚኖረው ሊበላሽ ወይም ወቅቱ ሊያልፍበት ለተቃረበ ዕቃ ነው። ልብስና ጫማ ለሚሸጥም በዓል ሲያልፍ ይሠራል። ምግብ ነክ ነገር ላይ ግን ሰው ቅናሽ ሲያይ «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ይጠራጠራል።

እንግዲህ ለማን የቱ?

በር ላይ ሰው የሚያልፍላችሁ ከሆነ ታፔላ፣ ስቲከርና ምርቃት ይበቃችኋል። ቴሌግራሙን ቀስ ብላችሁ አሳድጉት። ቤት ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ፣ ኬክ፣ ሹራብ፣ እንጀራ፣ ታፔላ ስለሌላችሁ ቲክቶክና ቴሌግራም ታፔላችሁ ናቸው። አገልግሎት የምትሰጡ ከሆነ ጎግል ማፕ ይቅደም። አንድ ሽያጭ ትልቅ ብር የሚያመጣላችሁ ብቻ ቡስትን አስቡ።

ሁላችሁም ግን የደንበኞቻችሁን ስልክ የምትጽፉበት አንድ ደብተር ይኑራችሁ። በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ አገር ውስጥ ተገድበው አምስት ወር ያህል ቆይተዋል። ቪፒኤን የማያውቅ ደንበኛ ከሻጩ ጋር ተቆራረጠ። መንገድ ሲሰፋም ሱቅ ይነሳል። እህቴ ለዚህ ብላ የደንበኞቿን ስልክ ፈቃዳቸውን እየጠየቀች በእጇ ትጽፋለች። «ትኩስ ሲወጣ ልደውልልሽ?» ትላለች። በዓል ሲቀርብ አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት ትልካለች፤ ከዚያ በላይ አታስቸግራቸውም።

ዛሬ ያንን 5 ሺህ ብር መልሰው ቢሰጡን ግማሹን ለታፔላ፣ ከቀረው አብዛኛውን ለስቲከርና ለምርቃት ሚጥሚጣ አደርገዋለሁ። የተረፈው ለኢንተርኔት ጥቅል ይሁን። ደብተሩን ከጎረቤት ጽሕፈት መሣሪያ ቤት እንገዛለን።